በገዛ ሳንባዬ ላይ የፈረምኩ ዕለት

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይሁን ከወጣ በኋላ፣ እንጃ። መንገዱ ጭቃ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ የሚመጣልኝ ጎማ ሁሉ ጭቃ ለብሶ ነበር። ከዊንጌት ከፍ ብላ ያለችው ጎሚስታ ቤቴ ዕድሜዬን የጨረስኩባት ናት። ጎማ እፈታለሁ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከየት እንደሚወጣ አያለሁ፣ የተበሳውን በሙቅ ብረት ተጭኜ እለጥፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለ አየርና ስለ ቀዳዳ ግን ማንም አያስተምረኝም።

ሳል ያዘኝ፤ አልለቅ ሲለኝ ልጄ ሆስፒታል ወሰደኝ። ራጅ አነሱኝ፣ ያ ክብ ማሽን ውስጥ አስተኙኝ፣ ከጎኔም በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ የመጣ ቀን ልጄ፣ “አባዬ፣ እርስዎ እዚህ አረፍ ይበሉ” ብሎኝ ብቻውን ገባ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ክፉ ወሬ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።

“ብርድ ነው አሉ። ሳንባዎን ትንሽ ብርድ መትቶዎታል።”

አመንኩት። መጠርጠር የጀመርኩት ሰው ሁሉ ደግ ሲሆንብኝ ነው። ስንት ዘመን ያኮረፈችኝ እህቴ ብርቱካን ይዛ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ከሁሉ የባሰው ግን ጎረቤቴ ነው። ከጎሚስታዬ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ባለሱቅ ነው፤ እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሳይሰድበኝ አያውቅም። “አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አልሞትክም?” ይለኛል። “አንተን ሳልቀብር?” እለዋለሁ። ከዚያ ነው ሥራ የሚጀመረው። ያን ሰሞን ግን “ደህና አደርክ ወይ ወንድሜ” ማለት አመጣ። ሦስት ቀን ታገስኩት። በአራተኛው ገብቼ ባንኮኒው ላይ ተደገፍኩ።

“ምነው ስድቡ ቀረ?”

“የምን ስድብ?”

“እየሞትኩ ነው አይደል?”

ስኳር ሲመዝን ነበር፤ ማንኪያውን አስቀመጠው። “ልጅህ በአላህ አስምሎኛል።”

“እሱ ያስምልህ። ደረቱ የማን ነው?”

“ያንተ ነው” አለና ነገረኝ። ካንሰር ነው። የባቄላ ፍሬ የምታህል ዕጢ ናት። ልቤ ደካማ ስለሆነ ደረቴን ከፍተው ማውጣት አይችሉም፤ ግን ቀጭን መርፌ በጎድኖቼ መሃል አስገብተው፣ ጫፉን አግለው፣ እዚያው ባለችበት ሊያቃጥሏት ይችላሉ። ልጄ ነው እምቢ ያለው። ካንሰር ብረት ከነካው ይቆጣል ብሎ ፈርቷል።

ሰው ሁሉ ረጋ ያልክ ነህ ይለኛል፤ ነኝም። ያን ቀን ግን ልጄ ለምሳ ሲመጣ ወንበር እንኳ አልሰጠሁትም።

“ናሙናውን በማንኪያ ነበር እንዴ የወሰዱት?”

ደነገጠ። “አባዬ፣ ማን ነገረዎት?”

“እሱን ተወው። እሺም እምቢም የምለው እኔ ነኝ።”

“ቁስቋም ማርያም አለችልዎት፣ ጸበሉን ይጠመቁ።”

“ጸበሉንም እጠመቃለሁ፣ መርፌውንም እወጋለሁ። እመቤቴ በዚህ አትቀየመኝም።”

“ቢሞቱብኝስ? እኔ አልፈርምም!”

“አትፈርም። ሳላውቅ ከምሞት አውቄ ልሙት።”

አለቀሰ። አንጀቴን በላው፤ ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

ከባለሱቁ ጋር ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታህል ናት። “አባባ፣ ቤተሰብ አልመጣም?” ብላ በሩን አየች።

“ለእኔ ንገሪኝ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።”

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችና አስረዳችኝ። እኔም የማውቀውን ጠየቅኳት። “ሳንባ አየር ያለበት ነገር ነው። ስትወጊው አያፈስም?”

ሳቋ መጣ። “ሊያፈስ ይችላል። ከበዛ በትንሽ ቱቦ እናወጣዋለን። ቀዳዳው ራሱ ይደፈናል።”

“ያለ ልጣፍ?”

“ያለ ልጣፍ።”

ባለሱቁ ጣልቃ ገባ። “ጉድህ ፈላ! እንጀራህን ሊዘጉብህ ነው።”

“ዕጢዋ ተመልሳ ብትመጣስ?” አልኳት።

“ልትመጣ ትችላለች። በየጊዜው እናያታለን እንጂ ዋስትና አልሰጥዎትም።”

ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ፊት ለፊት ያነጋገረኝ ሐኪም እሷ ናት። እስክሪብቶ አምጪ አልኩ። ስሜን ፊደል በፊደል፣ ሳልቸኩል፣ ከመስመሩ እስኪያልፍ አግዝፌ ጻፍኩት። ሲስተሯ ግን፣ “ቤተሰብም መፈረም አለበት” አለች።

“ወንድሙ ነኝ” አለ ባለሱቁ።

የሱን ቆብ አየች፤ የኔን ማተብ አየች። “የእናት ልጆች ናችሁ?”

“በአባትም ጭምር” አላት ሳያፍር። ከንፈሯን ነክሳ ወረቀቱን ሰጠችው።

በቀጠሮው በጎኔ አስተኙኝ። ቆዳዬን አደነዘዙት፤ ለሕመሙም የሚያፈዝ ነገር በደም ሥሬ ሰጡኝ። “ትንፋሽ ይያዙ” ሲሉኝ ያዝኩ፣ “ይልቀቁ” ሲሉኝ ለቀቅኩ። መርፌው ሲገባ ግፊቱ ተሰማኝ። ከዚያ ደረቴ ውስጥ፣ እጄ ደርሶ የማያውቅበት ቦታ፣ ሙቀት መጣ፤ ሙቀቱ ወደ ሕመም ዞረ። ጥርሴን ነክሼ በልቤ ዕጢዋን፣ “ይቺ ቤት ለአንቺ አልተከራየችም፣ ውጪ!” እላታለሁ። እንደ ፈራሁት ብዙ አልቆየም። ሳንባዬ ትንሽ አየር አፍስሶ ነበር፤ ለቱቦ ግን አልደረሰም፣ ራሱ ተደፈነ።

በተሽከርካሪ አልጋ ሲያወጡኝ ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ማን እንደጠራው አልጠየቅኩም። እጄን ይዞ አጎነበሰ።

“ሁለተኛ ብቻህን እንዳትገባ” አልኩት።

“አልገባም፣ አባዬ።”

ከዚያ ወዲህ ለምርመራ ስንሄድ አብረን ነው የምንገባው፤ ሐኪሟም የምታናግረው እኔን ነው። ባለፈው ጠባሳው ብቻ ነው የሚታየው ብላኛለች። ነገ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ዕጢዋ ከተመለሰች አሁንም ፈርሜ እገባለሁ፤ ዝም ብዬ አልለቅላትም።

ያን መንገድ ማን ደግፎ አሻገረህ ለሚለኝ፣ የእናቴ ልጅ አይደለም፣ የአባቴም ልጅ አይደለም። መሐላውን አፍርሶ እውነቱን የነገረኝ፣ መርፌው እስኪወጣም በሩ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ ጎረቤቴ ባለሱቁ ነው።