ልጄን አስፈራሩልኝ ያልኩ ቀን

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ቀን ብቻ አስራችሁ አስፈራሩልኝ... ሌላ ነገር አልፈልግም» አልኩት። ይህን ያልኩት ስለ ገዛ ልጄ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን የካ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር ነበር። ሂሩትን እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ «ጴንጤ» ሆነች። ያኔ ጸሎት ቤቶቻቸው ታሽገው፣ ሰው ቤት ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት።

መከርኳት። ገረፍኳት። ከእንጦጦ ማርያም ቄስ አመጣሁባት። ቆልፌባት ሥራ ብሄድ በመስኮት ወጥታ ሄደች። ስትመለስ «አባባ፣ ቢገርፉኝም እሄዳለሁ» አለችኝ። አልጮኸችም። ያ እርጋታዋ ነው ያሳበደኝ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ የሰፈሬ ሰው ነው፣ የልጅ አባትም ነው፣ ይገባዋል ብዬ...

«የሚሰበሰቡት የማን ቤት ነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«እስቲ በጽሑፍ አድርገው።» ጻፍኩ። ፈረምኩ።

እሁድ ዘጠኝ ልጆች ለቅመው መጡ። ሰኞ ጠዋት ሂሩትን ልወስድ ስሄድ ሊቀመንበሩ ቀና ብሎም አላየኝ። «የልጅህ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፣ አሁን የአብዮቱ ጉዳይ ነው» አለኝ።

ስምንት ወር አሰሯት።

በየቀኑ ስንቅ ይዤ እሰለፋለሁ። ከኋላዬ የምትቆመው እንጦጦ ላይ ጭራሮ ለቅማ የምትሸጥ ዘነበች የምትባል ሴት ነበረች። ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ እሱም ከሂሩት ጋር ተይዟል። ዝናብ ሲመጣ በላስቲኳ ታስጠልለኝ ነበር። «አይዞዎት ጋሼ፣ ይፈታሉ» እያለች የምታጽናናኝ እሷ!

አንድ ቀን ልጇ መታመሙን ሰማች። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክካ «እነዚህን ልጆች የጠቆመ ሰው የልጁን ደስታ አይይ!» አለች።

ሰልፈኛው በሙሉ «አሜን!» አለ።

እኔም... ሰው እንዳይጠረጥረኝ «አሜን» አልኩ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ጠባቂው ስንቋን መለሰላት። «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ሬሳውን እንኳ አልሰጧትም።

ሂሩት የተፈታች ዕለት በር ላይ ጠበቅኳት። ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ከስታለች። ልስማት ስጠጋ ወደ ኋላ አለች።

«አባባ፣ ወረቀቱን አሳይተውኛል። የእጅ ጽሑፍዎን አውቀዋለሁ።»

«አንድ ቀን ብቻ ነው ያልኳቸው፣ ልጄ...»

«አውቃለሁ። ይቅር ብዬዎታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም።»

«እንግዲያው ቤታችን እንሂዳ!»

«እኔ የምሄደው እትዬ ዘነበች ጋ ነው። ልጃቸውን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። እናቴን አደራ ብሎኝ ነው የሞተው።»

ዳገቱን ስትወጣ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት። እንደ ልጅነቷ እጇን ይዤ ጎትቼ ልመልሳት አማረኝ። ዞር ብላ «አባባ፣ ይመለሱ» አለችኝ። ተመለስኩ። በሕይወቴ የታዘዝኳት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሂሩት እዚያው አገባች፣ ወለደች፣ ሴትዮዋንም እስክትሞት ጦረቻት። ቤታቸው የምሄደው ለበዓል ብቻ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ዘነበች እጄን ይዛ «ጋሼ፣ አንድ ልጅዎን ወሰድኩብዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» ትለኛለች።

እኔም «ምንም አይደል» እላታለሁ። ሂሩት አጠገቧ ተቀምጣ ታየኛለች።

ልጅ በግድ እንደማይያዝ ገብቶኛል... የተማርኩት ግን በሌላ ሰው ልጅ ነው።