በሁዳዴ የተተከለው ድንኳን

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቶች ድንኳን ሲተክሉ የእርጥብ ሸራው ሽታ በመስኮት ገባና ብቻዬን ሳቅሁ። ልጄ "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ያኔ ቀራንዮ ሰፈር ነው የምንኖረው፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ወንድሜ ኮሌጁን ጥሎ ሠዓሊ ሆኗል። ሥዕሉስ ይሁን፤ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ የተሰበረ ጄሪካን፣ ቆርኪ፣ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ በማዳበሪያ እየተሸከመ ግቢውን ሞላው። መርካቶ ልብስ የሚሰፋው አባቴ "ሰው ቆሻሻ ከቤቱ ያወጣል እንጂ ያስገባል?" ብሎ አንድ ቀን ጮኸበትና ዝም አለው። ዝም ስልሽ ዓመት ሙሉ ነው። "ለዚያ ልጅ ራት ቀርቧል በይው" ይለኛል፣ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ። ወንድሜ አንድ ሥራ በጨረሰ ቁጥር በረንዳው ላይ ያቆመውና የአባቴን ፊት በስርቆት ያያል። ምንም አያገኝም።

ሥራዎቹን ለሰው ሊያሳይ ሲያስብ አዳራሽ ከየት ይምጣ? የዕድሩን ሰሌዳ በነጻ ጽፎላቸው ስለነበር የዕድሩ ዳኛ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ሰጡት። ቅዳሜ ማለዳ፣ አባቴ ሥራ እንደሄደ በራችን ላይ ተከልነው። በቀይና በሰማያዊ ብቻ የተሞሉትን ሸራዎች በገመድ ሰቀልን፤ ከጄሪካን ቁርጥራጭ የሠራትን ረጅም ሴት መሃል ላይ አቆምን። ማስታወቂያ መለጠፍ የእኔ ድርሻ ነበር። ወረቀቶቹ ቦርሳዬ ውስጥ ቀሩ፤ አመሌ ነው።

ወቅቱ ደግሞ ሁዳዴ ነው። በጾም ሰርግ የለም፤ በጾም በር ላይ ድንኳን ከቆመ ትርጉሙ አንድ ነው።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የሰፈሩ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየገቡ አግዳሚው ላይ አንገታቸውን ደፉ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ትልቅ ፔርሙዝ ሻይ ይዘው ደረሱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ያቺ የጄሪካን ሴት ቆማለች። አንዷ እናት ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ "ማን ነው ያረፈው፣ ልጄ?" አሉኝ። "ማንም አልሞተም፤ ወንድሜ ሥዕሉን ሊያሳይ ነው" ስላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይንፈቀፈቁ ጀመር። ሳቁ በአግዳሚው ሁሉ ዞረ። ሻዩ ተቀዳ። "ይቺ እጇ የእኔ ጄሪካን ናት፣ ያኔ ያፈሰሰችው" የሚሉም ነበሩ።

እኛ ስንስቅ አንድ ደግ ሰው ለአባቴ ደውሎ ኖሯል። "በርህ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ቶሎ ና" ብሎ ዘጋው። መርዶ በስልክ አይነገር፣ ምን ይበል? አባቴ ደጋግሞ ደውሎልናል፤ ስልኮቻችን ግን ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበሩ።

ከታክሲ ሲወርድ አየሁት። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ይሮጣል። አባቴ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ እኔ አለሁ። ከኋላዬ እናቴን አያት፤ እሷም አለች። ያን ጊዜ የድንኳኑን እንጨት ይዞ ቆመ። የቀረው አንድ ሰው ነው።

ወንድሜ ፒንሳውን እንደያዘ ከአንዱ ሸራ ጀርባ ብቅ አለ። አባቴ የወንድሜን ፊት በሁለት እጁ ያዘ።

"አለህ?"

"አለሁ፣ አባዬ።"

"አለህ?"

ከዓመት በኋላ መጀመሪያ ያናገረው በዚህች ቃል ነው። ሌላ ቃል ሊጨምር ሲሞክር ለቅሶው ቀደመው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት እናቶች አግዳሚው ላይ አስቀምጠው "በል በቃ፣ ልጅህ ይኸው" እያሉ ሻይ ሰጡት። እኔ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ያኔ አልተናገርኩም።

ሲረጋጋ ፊት ለፊቱ ያለውን ሸራ ረጅም ጊዜ አየ።

"አልገባኝም" አለ።

"ግድ የለም፣ አባዬ።"

"ግድማ አለው። ተቀመጥና አስረዳኝ፤ ዛሬ ሥራ አልመለስም።"

ማታ ራት ላይ እንኳ ክርክሩ አላለቀም፤ አባቴ ሰማያዊው በዝቷል ይላል።

ከዚያ በኋላ የቆየልን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሁለቱንም ዓመት ስለ ሥዕል የማያውቀውን ሁሉ ለወንድሜ ሲያስረዳ ኖረ። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ አላቋረጠውም።