በሌለው ቧንቧ ሥር

ጀሚላ ጋሽ ገብረአምላክን በደንብ ታውቃቸዋለች ማለት አይቻልም። ሐኪሟ «በእግርሽ ካልሄድሽ ስኳርሽ አይወርድም» ብሏት፣ ላንቻ ካለው ሱቋ በጠዋት ወደ ወንዙ ዳር መውረድ ከጀመረች ገና አንድ ዓመቷ ነው። ከቄራ በታች፣ ድሮ ቆዳ ፋብሪካ የነበረበት ግቢ ዛፍ ተተክሎበት፣ አጥር ታጥሮለት፣ ወፍ የሚያርፍበት ጥብቅ ቦታ ሆኗል። ሰውየው ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ቆዳ ሲዘፈዝፉ ኖረዋል። ሚስታቸው «ጓዳ ለጓዳ አትንጎራደድብኝ» እያሉ በጠዋት ከቤት እንደሚያስወጧቸውም ራሳቸው ነግረዋታል። ሌላው ሁሉ የጀሚላ ግምት ነው።

አንድ ነገር ግን ግቢውን የሚዞር ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ገብረአምላክ ከመሄጃው ዳር ያለችው ትንሽ ግራር ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ነው የሚያልፉት። ከላይ ቅርንጫፍ የለ፣ ሽቦ የለ፣ ባዶ ሰማይ ነው። ከኋላ የሚመጡት ሰዎች ስፖርት እየመሰላቸው ተከትለው ጎንበስ ይላሉ። ጀሚላም ስንት ጊዜ ጎንበስ ስትል ከርማ ነው ምክንያቱን የጠየቀችው።

«የእንፋሎት ቧንቧ አለ» አሏት።

«የት?»

«ነበረ። ግንባሩን ያልጠበሰው ሠራተኛ አልነበረም። ፋብሪካው ሲፈርስ ለወገቤ የነገረው የለም።»

«ታዲያ እኛ ለምን ጎንበስ እንላለን?»

«እናንተን ማን ጎንበስ በሉ አላችሁ?»

የዚያን ሰሞን ለግቢው አስጎብኚ ሊቀጠር ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ጋሽ ገብረአምላክ እንቅልፍ አጡ። ጡረታቸው ይበቃቸዋል፤ የጓጉት ለሌላ ነገር ነው።

«መባረርና ሥራ መሄድ አንድ አይደለም፣ ጀሚላ» አሏት። «ሁለቱም በዚያው በር ነው የሚወጣው፤ ግን አንድ አይደለም።»

የግቢው ኃላፊ እጸገነት፣ ገና ወጣት ነች፣ «ቅዳሜ ከዋናው ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። እርስዎ ያዙሯቸውና እናያለን» አለቻቸው።

ጀሚላ ፈራችላቸው። «ጋሼ፣ በቃ ቅዳሜን ብቻ እንደ ሰው ቀጥ ብለው ይለፉ።»

«እንደ ችካል ነው የምቆመው።»

ቅዳሜ ከረባት ያሰሩ እንግዶች መጡ። ጀሚላም የማታውቃቸው መስላ ከኋላ ተከተለች። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሰመረ። አንዱ ወፍራም እንግዳ ውኃው ዳር ወደቆመ ባለ ረጅም እግር ወፍ ጠቁሞ «ይሄ ማን ይባላል?» አለ።

«አርአያ።»

«ማለቴ፣ የወፉ ዓይነት?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። አርአያ ሰዓት ተቆጣጣሪያችን ነበር። ልክ እንደዚህ በአንድ እግሩ ቆሞ ነው አርፋጅ የሚጠብቀው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ጀሚላ ትንፋሿ መለስ አለላት።

ግራሯ ጋ ሲቃረቡ ጋሽ ገብረአምላክ ደረታቸውን ነፉ፣ አገጫቸውን ወደ ላይ አነሱ። ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። አንገታቸው እንቢ አለ፤ ወገባቸው ግን ለቧንቧው ታዘዘ። ጎንበስ አሉ። ወፍራሙ እንግዳ ጎንበስ አለ፤ እጸገነት ጎንበስ አለች፤ የተሰለፈው ከረባት ሁሉ አፈር ጠረገ።

ግቢውን የምትጠርገው ሸዋዬ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታያቸው ነበር። እሷም የዚያው ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረች ናት።

«ገብሬ፣ ምን ጠፍቶህ ነው ይሄን ሁሉ ሰው ጎንበስ አድርገህ የምትፈልገው?»

«ቧንቧው ነዋ፣ ሸዋዬ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«የቱ ቧንቧ? የእንፋሎቱ? ኧረ እሱ በመጋዘኑ በኩል ነበር። እዚህማ ምሳ የምንበላበት ሜዳ ነው።»

ሁሉም ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ጀሚላ በልቧ «በቃ፣ ሰውየው ነገም ከቤት ተባረው ሊወጡ ነው» አለች። ቀድማ የሳቀችው እጸገነት ነች፤ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወፍራሙ እንግዳ ስልኩን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ ፎቶ እንዲያነሳው ተመልሶ በሌለው ቧንቧ ሥር አለፈ። ሌሎቹም ተራ ያዙ።

«ከሰኞ ጀምሮ ይግቡ» አለቻቸው እጸገነት ዓይኗን እየጠረገች። «እቺ ጎንበስ ማለት ግን እንዳትቀር።»

ሲወጡ ጀሚላ ደስታዋን ይዛ፣ በሩ ጋ እስኪደርሱ እንደ ምንም ታገሠች።

«ጋሼ፣ ሜዳ ከነበረ፣ እዚያ ጋ ጎንበስ የሚሉት ለምንድን ነው?»

ጋሽ ገብረአምላክ ቆባቸውን አወለቁ፣ አራገፉ፣ መልሰው አደረጉ።

«እቺን እለፊኝ፣ ልጄ። እኔም አላውቀው፤ ወገቤን ጠይቂው» አሏት።