ኮምፒውተሮቹ የዘመሩበት ሰኞ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ይህን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ክፍላችን ውስጥ የነበሩት ጥቂት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያወጡ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራችንን ይዘውብን የሚሄዱ። አቧራ እንዳይገባባቸው ተብሎ ሁላችንም ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ነበር የምንገባው። ካልሲው የተቀደደ ሰው ቀኑን ሙሉ እግሩን ወንበር ሥር ደብቆ ይውላል።

እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚያነባት አንዲት ትንሽ ፋይል አለችው። የስክሪኑ ቀለም ምን ይሁን፣ የትኛው ማተሚያ ይሥራ፣ ሥራው ከየት ይጀመር፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ይጻፋል። እኛም እያንዳንዳችን እንደየጠባያችን አበጃጅተናት ነበር። አንድ ባልደረባ ቀርቶ በእሱ ወንበር የተቀመጥን ዕለት ግን የሰው ጓዳ ገብቶ ጨውና ስኳር እንደጠፋበት እንግዳ እንደናበራለን።

እኔ በእኔዋ ፋይል ውስጥ ዜማ አስገብቼ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በዚያች ጢጥ ጢጥ በምትል ድምፁ የአንድ መዝሙር የመጀመሪያ ስንኝ ያሰማል። ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው። ቤተሰቤ ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ዓመታት ስላለፉ የምንዘምረው እቤታችን፣ ያውም በሹክሹክታ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ እገባና ማሽኑን አበራለሁ። እኔ አፌን ሞልቼ ማለት የማልችለውን እሱ ይልልኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ እንሰበሰባለን። ጎረቤቶቻችን ሸማኔዎች ናቸው፤ እነሱ ሲሸምኑ እንጨቱ ሲንኳኳ የእኛን ድምፅ ይሸፍነዋል። ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦና ለስላሳ እናስቀምጣለን፤ የቀበሌ ሰው ከመጣ ልደት ነው ልንል። የማን ልደት? የኔ። በየሳምንቱ ስለምወለድ በዚያ ሒሳብ ማቱሳላን በልጬዋለሁ። እንቀልድ ነበር እንጂ ልባችን አይስቅም። እዚያው ሰፈራችን እንዲህ ያለ «ልደት» ላይ ተደርሶ እንግዶቹ በሙሉ ተወስደዋል፤ የቤቱ ጌታ ገና አልተመለሰም ነበር።

እናቴ አስም አለባት። የዚያን መዝሙር ሁለተኛ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አትችልም። መሃሉ ላይ ቆም ትላለች፣ አየር ትስባለች፣ ትቀጥላለች። እሷን ጥሎ መሄድ ነውር ስለሆነ ሁላችንም አብረናት እንቆማለን። ሲውል ሲያድር ልማድ ሆነና እሷ ታማ በተኛችበት ቀን እንኳ እዚያችው ቦታ ላይ እንቆም ጀመር። በሌላ በየትኛውም ቤት ያ መዝሙር እንደዚያ አይዘመርም።

አለቃችን፣ አባቱ ጳውሎስ አካባቢ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሙስሊም፣ ሁሉ ነገር እንደ ሱቅ ዕቃ በየመደርደሪያው ካልተቀመጠ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። ውጭ አገር ሠልጥኖ ሲመለስ «ማሽኖቹ በሙሉ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ማንም የትም ቢቀመጥ መሥራት አለበት» አለና አንዲት ትእዛዝ ጻፈ። ዋናው ፋይል ያለበትን ዲስክ ማሽኑ ውስጥ ከትቶ ትእዛዟን መጻፍ ነው፤ የድሮዋ ፋይል ትጠፋለች፣ የዲስኩ ትተካለች። ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል «እኩል» አላት። በዚያ ዘመን ስለ እኩልነት ብዙ ተሰብከናል፤ በዓይኔ ያየሁት ግን በዚያች ዲስክ ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት እናቴን ትንፋሽ አጠራትና ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ለአለቃዬ ያልኩት «እናቴን አሟታል» ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ቀድሜ ገባሁ። ማሽኔ ዘመረልኝ። ቀጥሎ አንዱ ባልደረባዬ መጣና የራሱን አበራ። የእሱም ዘመረ። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ዞር ስል ሦስተኛው ጀመረ፤ ሁለተኛው ሳይጨርስ ሦስተኛው፣ ከዚያ በስተግድግዳ ያለው። ቀዝቃዛው ሊሾ ላይ በካልሲዬ ቆሜ ቀረሁ። ዓርብ እኔ ስቀር አለቃዬ ዋናውን ፋይል የቀዳው ከኔ ማሽን ነው።

በዚህ መሃል ከፎቅ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ክፍል፣ ያው ዜማ ወረደ። እሱም ክፍል አንድ ኮምፒውተር ነበረ፤ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ለብሶ የሚውል።

ካድሬው ወረደ። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከሚጮኹት ሁሉ ይበልጥ ሰው የሚፈራው። ጫማውን አላወለቀም።

«ይሄ ዜማ የማነው?» አለ።

«የማሽኑ ነው ጓድ፣ ሲነሳ የሚያሰማው ነው» አለ አለቃዬ፣ ምንም ሳይጠረጥር።

«የኔው እስከ ዛሬ ዲዳ ነበር።»

«ዓርብ ዕለት ሁሉንም እኩል አደረግናቸዋ።»

«ከየትኛው ቀድታችሁ?»

አለቃዬ ሊያመሰግነኝ ፈልጎ በፈገግታ ወደ እኔ ጠቆመ። «ከእሷ። የሷ ነው ንጹሑ።»

ያን መዝሙር የማያውቅ ሰው ለዜማው ግድ አይኖረውም። ይህን እያሰብኩ የካድሬውን ፊት አየሁ። ያውቀዋል። እናቴ፣ ድፎ ዳቦው፣ ቅዳሜ የሚመጡት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓይኔ ላይ መጡ።

«አጥፊው» አለኝ። «ከሁሉም ላይ። እኔ እያየሁ።»

ዲስኩ ላይ ካለው ፋይል ዜማውን አወጣሁና በየማሽኑ እየዞርኩ «እኩል» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ከኋላዬ ጫማው ይከተለኛል። አንድ ፊደል እየሳትኩ ደጋግሜ ጻፍኩ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዲዳ ሆኑ። መጨረሻ የቀረው የእሱ ስለነበር ፎቅ ወጣን፤ በሩን ዘጋው። ዲስኩን ልከት ስል፣

«ይሄኛውን ተይው» አለ።

«አቤት ጓድ?»

«ተይው አልኩሽ።»

ወደ መስኮቱ ዞረና ጀርባውን ሰጠኝ። ከዚያ በአፍንጫው፣ ቀስ ብሎ፣ ማሽኑ ውስጥ ያላስገባሁትን ሁለተኛውን ስንኝ አዜመ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ አየር ሳበ፤ ቀጠለ።

«የእናትሽ ትንፋሽ እንዴት ሆነ?» አለኝ ሳይዞር።

«ደህና ናት» ያልኩ ይመስለኛል። በአጥራችን ሥር ስንት ቅዳሜ እንደቆመ እግዚአብሔር ይወቀው።

ማታ እቤት ገብቼ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ቅዳሜ መቅረት አለበት፣ ቤቱም ይቀየር አልኩ። እሷ ፎጣ እያጠፈች ሰማችኝ።

«ታዲያ ውጭ ቆሞ ብርድ ከሚመታው በሩን ክፈቺለታ» አለች።

«እማዬ፣ ሊያስለቅመን ነው እኮ!»

«እስከ ዛሬ ማን ከለከለው?»

ጮህኩባት። ስንት ሰው ይዘሽ ነው የምትሞቺው አልኳት። ፎጣዋን አጥፋ ጨረሰችና ሄዳ ተኛች። በበነጋው ለሚመጡት ሁሉ በየቤታቸው እየዞርኩ ነገርኩ፤ የሚቀር ይቅር አልኩ። ጥቂቶቹ ቀሩ፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ አልወሰደንም። ካድሬውን መንግሥቱ ከወደቀ ወዲህ አላየሁትም። ዜማውን ማሽኑ ላይ ያስቀረው ለማስረጃ ይሁን ለናፍቆት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ዛሬ ይህን ሁሉ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ያን ቅዳሜ ግን የምናውቀው ነገር አልነበረም።

ያን ቅዳሜ እናቴ የግቢውን በር መቀርቀሪያ በገዛ እጇ አነሳችው። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሸማኔዎቹ ለቅሶ ሄደው ስለነበር እንጨቱ አይንኳኳም፤ የሚሸፍነን ድምፅ አልነበረም። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረስን። ከአጥሩ ማዶ ጠጠር ላይ የሚራመድ እግር ሰማሁ። ሁለተኛውን ጀመርን፤ መሃሉ ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመች፣ ሁላችንም ቆምን። እግሩም ቆመ።

እናቴ አየር ስባ ቀጠለች፣ እኛም ተከተልናት። እግሩ ግን ከቆመበት አልተነሳም።