«እኛ» ያልኩበት ጃኬት

ሱቁ የተከፈተው ሊዘጋ ነበር። ብሩክሄቨን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ቀድሞ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ ሰፊ ቤት፣ ቋሚ ተከራይ እስኪገኝለት ድረስ፣ ስማቸው ገና ላልታወቀ የልብስ ብራንዶች በጋራ ተሰጠ። እንዲህ ያለውን ሱቅ እዚህ ፖፕአፕ ይሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ልብሳችንን በየመኪናችን ጭነን መጥተን እንሰቅላለን፤ እሁድ ማታ አውርደን ይዘን እንመለሳለን። ከጎኔ ከአሮጌ ጂንስ ቀሚስ የምትሠራ ሴት፣ ከፊት ለፊቴ ደግሞ የወንድ ሸሚዝ የሚሸጥ ሰው ነበሩ። እርስ በርሳችን ፈገግታ አይጎድለንም ነበር፤ ሆኖም ሁላችንም የምንመኘው ያንኑ አንድ ነገር ነበር። የሕንፃው አስተዳዳሪ በሰመር፣ በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ከመካከላችን አንዱን ብራንድ መርጣ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ሱቅ በቋሚነት እንደምትሰጠው ነግራናለች።

ያችን ሱቅ ለምን እንደፈለግኳት በግልጽ ልጻፈው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። እዚህ ግን ለብዙ ዓመታት የኖርኩት ዶራቪል፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ላውንደሪ ውስጥ የሰው ልብስ በማስተካከል ነው። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የጠበበ ወገብ አሰፋለሁ። ሥራውን አልንቀውም። ነገር ግን ሙያው ራሱ የእጅን ምልክት ላለመተው መጠንቀቅ ነው፤ የሠራሁት ሥራ ጥሩ የሚባለው ማንም እንዳልነካው ሲመስል ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እጄ እንደነካው የሚታወቅ አንድ ነገር መሥራት ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የምሸጠው አንድ ዓይነት ጃኬት ብቻ ነበር። ጨርቁ አዲስ አበባ ያለ ሸማኔ የሚሠራልኝ ነጭ ፈትል ነው። ጥለት ሁሉም ሰው የሚያውቀው በቀሚስ ጫፍ ወይም በነጠላ ጠርዝ ላይ ነው፤ እኔ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ጃኬቱ ሲቆለፍ ነጭ ብቻ ነው፤ ለባሿ ክንዷን ስታነሳ ወይም ቁልፉን ስትፈታ ቀለሙ ብልጭ ይላል። ያስቸገረኝ አንገቱ ነበር። ጥለት ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነገር በመሆኑ አንገት ላይ እንዲዞር ሲገደድ ይጨማደዳል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ይተረተራል። የብርዱን ወራት በሙሉ ከሥራ መልስ ስሞክር ከርሜ፣ በመጨረሻ በትናንሽ ሽብልቅ ቆራረጥኩት፤ የእያንዳንዷን ጠርዝ በሐር ክር ያዝኩና መስመሩ ሳይሰበር እንዲዞር አድርጌ ገጣጠምኩት። መጋጠሚያው በጣት ካልተዳሰሰ አይታወቅም። ያን ዕለት ብቻ «ይህ የእኔ ነው» አልኩ፤ ያውም በልቤ።

ምልክቴ አንዲት ፊደል ነበረች፤ «ጥ»። በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር ጠልፌ ከአንገቱ በታች እሰፋት ነበር።

መስቀያውን ከአንዲት ወጣት ጋር ተጋርቼዋለሁ። እዚሁ አሜሪካ፣ ኬኔሶ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ የተማረች ልጅ ናት። የብር የጆሮ ጌጥና ሻርፕ ትሸጣለች። እናቷን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ፤ የተዋወቅነውም በእናቷ በኩል ነው። «እትዬ» ትለኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን በአንቺ ነው።

«እትዬ፣ ጥለቱን ለምንድን ነው የምትደብቂው? ማን ያየዋል?»

«የለበሰችው ሴት ታውቀዋለች።»

«ቪዲዮ ላይ አይወጣማ! ላይክ፣ ሰው ለማይታይ ነገር አይከፍልም።»

ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም፤ ይህን መካድ አልፈልግም። በሩ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን በሳቅ ታስገባለች። እኔ ስለ ልብሱ ስጠየቅ ስለ ጥጡ አስረዳለሁ፤ እሷ ግን ስለ ጠያቂዋ ቁመናና ስለ ቆዳዋ ቀለም ትነግራታለች። የሚሸጠው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። በፀደይ የጥድ ዛፎቹ የአበባ ብናኝ መንገዱንና መኪናውን ቢጫ ሲያለብስ መስቀያችን በር አጠገብ ነበርና፣ እሷ ሰው ስታናግር እኔ ከነጩ ጃኬት ላይ ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ አራግፋለሁ። ሥራው እንደዚያ ተከፋፈለ። ማንም አልወሰነውም።

አንድ ቅዳሜ አንድ የአገራችን ሰው ከባለቤቱ ጋር ገባ። ጃኬቱን አንስቶ ከውስጥም ከውጭም አገላበጠው።

«እመቤቴ፣ ይሄ እኮ ተገልብጦ ነው የተሰፋው!»

«ዝም በል አንተ» አለች ባለቤቱ። «ካልሲህን ገልብጠህ አድርገህ የመጣኸው ሰው!»

«አይ፣ የምሬን ነው። ጌጡ ከውስጥ፣ ነጩ ከውጭ። እንግዲህ ሰርግ ስንሄድ ገልብጠሽ ትለብሺዋለሻ።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ሴትየዋ ጃኬቱን ለካችውና መስታወቱ ፊት ክንዷን ከፍ ዝቅ አድርጋ አየች። «ይሄን የገባው ሰው ነው የሠራው» ብላ ገዛችው። ልጅቷ ያን ጊዜ አጠገቤ ነበረች። ስልኳን አውጥታ የቀሩትን ጃኬቶች አንገታቸውን ከቅርብ፣ ከብዙ አቅጣጫ አነሳቻቸው። «ፖስት ላደርገው ነው» አለችኝ። አመሰገንኳት።

አስተዳዳሪዋ የመጣችው በሰመሩ መጨረሻ፣ እንዳለችው ነው። መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ አሜሪካዊት ነበረች። በየመስቀያው ፊት እየቆመች፣ ጥቂት እየጠየቀች አለፈች። እኛ ጋ ስትደርስ ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዳ ገለበጠችውና ጣቷን በአንገቱ ዙሪያ አሳለፈች። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ተመልሶም እንደገና ሄደ። ማንም ሳይነግራት መጋጠሚያዎቹን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

«ይህን የሠራው ማን ነው?» አለች በእንግሊዝኛ።

«እኛ ነን» አልኳት፣ እኔም በእንግሊዝኛ።

ይህን የሚያነብ ሰው ምን ማለቴ እንደነበር ሳላብራራ ይገባዋል። ባደግኩበት ቤት ብቻዋን ስትደክም የዋለች ሴት «ይህን የመሰለ ወጥ ማን ሠራው?» ስትባል «እኛው ነን፤ ምን እሱ እቴ» ትላለች። የመመረቂያ ጽሑፌን ብቻዬን ሠርቼ «ተመልክተናል፣ አግኝተናል» እያልኩ ነው የጻፍኩት፤ አማካሪዬ አንድ ቦታ ላይ ያመለጠችኝን «እኔ» በቀይ ሰርዞ መልሶልኛል። በእኛ አፍ «እኛ» ማለት «እኔ ነኝ፤ ነገር ግን አልመጻደቅበትም» ማለት ነው። ንግግሩ ግን በዚያ አያበቃም። አጠገብ ያለው ሰው «ኧረ እሷ ናት! ብቻዋን ነው የሠራችው» ብሎ ሥራውን ለባለቤቱ ይመልሳል። የአንዱ ትሕትና የሌላውን ምስክርነት ተማምኖ የሚነገር ነው። ያ ምስክርነት ሲቀር ትሕትናው ውሸት ሆኖ ይቀራል።

አጠገቤ የነበረችው ልጅ ፈገግ አለች። «የሁለታችንም ልፋት ነው» አለች። ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪዋ የጠየቀችውን ሁሉ የጠየቀችው እሷን ነበር፤ የመለሰችውም እሷ ናት። እኔ ጃኬቱን ተቀብዬ መልሼ ሰቀልኩት።

የኬኔሶ ልጅ ናት፣ ወጉን ላታውቀው ትችላለች ብዬ ስከራከርላት ሰነበትኩ። ይሁንና አንድ የበዓል ቀን እናቷ ቤት ተጋብዤ ዶሮውን ሳመሰግን የሆነው ትዝ ይለኛል። እናቷ «ኧረ ምን አደረግን ብለሽ ነው» ስትል ይህችው ልጅ ከሶፋው ላይ ጮኻ «እማዬ ብቻዋን ናት የሠራችው! እኔ ተኝቼ ነበር!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞልታው ነበር። አሳምራ ታውቀዋለች። ለእናቷ ያላጎደለችውን ነው ለእኔ ያስቀረችው።

ውጤቱን የሰማሁት ከሱቁ ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ልብሱን እየጫንኩ ሳለ ነው። ልጅቷ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ! ጉድ ኒውስ! አገኘነው!»

«ማን ነው ያገኘው?»

«እኛ! ማለቴ፣ ሊዙ በእኔ ካምፓኒ ስም ነው፤ ፔፐርወርኩን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ። ግን አንቺ አብረሽኝ ነሽ። የስፌቱን ሥራ በሙሉ አንቺ ትመሪዋለሽ።»

«ጃኬቱስ?»

«ጃኬቱ ነዋ ያስመረጠን! ግን በዚህ ስፒድ አይሆንም፣ ዩ ኖው? በእጅ እየተሸመነ፣ በእጅ እየተሰፋ፣ ማን ይጠብቃል? ጥለቱን ፕሪንት እናስደርገዋለን። ፎቶው አለኝ። ልዩነቱን ማንም አያውቀውም።»

«ምልክቱስ?»

«ጥ?» አለችና ሳቀች። «እትዬ ሙች፣ ፈረንጆቹ ያቺን ፊደል ሲሏት እኮ አፋቸው ሊሰበር ነው!»

እኔ አልሳቅኩም። የያዝኩትን ልብስ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩና «ጃኬቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ይህን ቃል ድምፅ አውጥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ የሰማችኝም ቀድሞውኑ ታውቀው የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

ፊቷ ተለወጠ። የተቆጣች እንጂ ያፈረች አልመሰለችም።

«አንቺው ራስሽ አይደለሽ እንዴ ‘እኛ’ ያልሽው? እኔ ነኝ ያልኩት? ሰው ፊት ቆመሽ እንዲያ ስትዪ ምን ልበል? ውሸታም ላድርግሽ?»

ልጅቷ የተናገረችው በሙሉ ቃል በቃል እውነት ነበር።

አስተዳዳሪዋን ሄጄ ለማነጋገር አሰብኩ። መንገድ ላይ እየነዳሁ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ደጋግሜ አዘጋጀሁት፦ «እኛ ነን ያልኩት እኔ ነኝ ለማለት ነው።» በአማርኛ ከጨዋ ሰው ጠባይ የሚቆጠረው ነገር በእንግሊዝኛ ሲባል፣ ሱቁ ካመለጣት በኋላ ታሪኳን የቀየረች ሴት ንግግር ይመስል ነበር። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምነኝም። ሳልሄድ ቀረሁ። የልጅቷንም የስፌት ሥራ አልተቀበልኩም። ፖፕአፑ ተዘጋ፤ መስቀያዎቹ ተነሱ፤ የቀሩኝ ጃኬቶች ቁም ሣጥኔ ውስጥ ናቸው። እናቷ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አቅፋ ሳመችኝና «ልጄን ስለደገፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። «አሜን» ብዬ አለፍኩ።

የጥድ ብናኙ ወቅት ተመልሶ መጣ። ላውንደሪው ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ አንዲት የአገሬ ሴት አንድ ነጭ ጃኬት ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ።

«እጅጌው ረዘመብኝ። የልጄ ምርቃት ላይ ልለብሰው ነው። የእኛው ልጅ ናት የምትሠራው፤ ብሩክሄቨን ሱቅ አላት። ያምራል አይደል?»

«ያምራል» አልኳት።

ገለበጥኩት። ጨርቁ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ጥለቱ ታትሞ አንገቱን ያለ ምንም ችግር ዞሮታል፤ የታተመ ቀለም አይጨማደድም፣ አይተረተርምም። ጣቴን እንደዚያች አስተዳዳሪ በአንገቱ ዙሪያ ሳሳልፍ የነካው ነገር የለም። ዓይኔ ግን አንድ ነገር አየ። ቀለሙን አቋርጠው የሚያልፉ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ በእኩል ርቀት፣ በሽብልቅ ቅርጽ። ዓይን የማያያቸውን መጋጠሚያዎቼን ካሜራው ከቅርብ ይዟቸው ኖሯል፤ ከፎቶው ላይ ሲቀዱት እነሱንም አብረው ቀድተዋቸዋል። ምንም የማይገጣጥሙ፣ የስፌት ሥዕሎች ነበሩ። አንዷ ሽብልቅ ላይ ክሩ ጠብቆብኝ ትንሽ ዘምማ ነበር፤ እሷም እንደዘመመች ታትማለች።

«ሲያጥር ቀለሙ ከጫፉ ላይ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነው» አለች ሴትየዋ። «ይቻላል?»

«ይቻላል። ጫፉ ተፈትቶ፣ ከመሃል ተቆርጦ ጫፉ ተመልሶ ይገጠማል። መጋጠሚያው አይታይም።»

«እንዴት ጥሩ ነው! እዚህ የሚሠሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

«እኛው ነን» አልኳት።

በትከሻዬ በኩል አሻግራ ወደ ጓዳው ተመለከተች። ከስፌት መኪናዬና በላስቲክ ከተሸፈኑት የሰው ልብሶች በቀር እዚያ ማንም አልነበረም።

«እንግዲያው አደራ ይበሉልኝ» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «በጥንቃቄ ይሥሩልኝ ይበሏቸው።»