ጋሽ ተሰማ እና የፈረንሳዩ ቀይ ወይን

ዛሬ እዚህ ውጭ አገር፣ ሶዶ በሚሉት ሰፈር አንድ ወይን ቤት ውስጥ ጋሽ ተሰማ ብርጭቋቸውን ለሻጯ መልሰው "መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው" ሲሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ፌደራል ዌይ በምትባለው ከተማ ጎረቤቴ ናቸው፤ ለሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ጠጅ የሚጥሉት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ደንብ ቀጂ በመዳፉ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም።

ልጅቷ እኮ ለቅምሻ ብላ ነው ትንሽ የቀዳችላቸው! (መኪናውን ሩቅ ፓርክ ባላደርገው ኖሮ ሮጬ እወጣ ነበር።)

እያፈርኩ ትራንስሌት አደረግኩላት። ሳቀችና በሌላ ብርጭቆ ቀድታ ተጎነጨችላቸው።

ወይኑ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ይባላል፤ ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሮን ወንዝ አካባቢ ነው። ብዙው ማሳ ድቡልቡል ድንጋይ የለበሰ ነው አለችን። ድንጋዩ ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ይውልና ማታ ሙቀቱን ለወይኑ ተክል ያካፍለዋል።

እውነትም ሙቀቱ ምላስ ላይ ይቆያል። ጋሼም ቀመሱ። የሌላ ሰው ጠጅ አመስግነው የማያውቁት ሰው "ይሄንስ ባለሙያ ነው የጣለው" አሉ።

ስንወጣ ዞር ብል፣ ሻጯ ለቀጣዩ ደንበኛ ከመቅዳቷ በፊት ራሷ እየቀመሰች ነው።

እናንተስ፣ ከሽማግሌ ጋር ሄዳችሁ አፍራችሁ ጀምራችሁ ኮርታችሁ የወጣችሁበት ቤት የለም?