የእማማ አስካለ ፈረንሳይኛ

ዛሬ አሶሳ ገበያ የበሰለ ማንጎ ሲሸተኝ እማማ አስካለ ትዝ አሉኝ። ከወሎ በሰፈራ አብረውን የመጡ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ፈረንሳዮች ቤት ወጥ ሠሪ ሆነው ኖረዋል። ታናሽ እህቴ ወባ ይዟት ከማንጎ ጥላ ሥር ስትተኛ፣ ሕመሙን እንድትረሳ ብለው ፈረንሳይኛ ያስተምሩን ነበር።

«ዳቦ ‹ፓን› ነው፤ ወንድ ነው። ውሃ ‹ኦ› ናት፤ ሴት ናት።»

እህቴ «ኦ» ስትል ውሃ ጠይቃ ይሁን አቃስታ አይለይም ነበር።

አንድ ቀን «‹አገራችን እንገባለን› እንዴት ይባላል?» አለቻቸው።



«ስለ ነገ የሚባለውን አላውቀውም፣ ልጄ። ፈረንሳዮቹ እኔን አምጪ፣ ውሰጂ ብቻ ነበር የሚሉኝ።»

እህቴ በዚያው ክረምት ሞተች። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ አላስተማሩኝም። እኔ እዚሁ አሶሳ ሸበትኩ።